ድፎ ዳቦና የእጃችን ንጽሕና

እናቶች ሆይ! እንደ ፍላቂት ባለው ደጋ አገር ለበዓልም ለእንግዳም ድፎ ዳቦ ይደፋል። ኮባ ለብሶ፥ ከታችም ከላይም እሳት ሲያገኘው ይጣፍጣል። ነገር ግን መጣፈጡ ብቻ አይበቃም፤ የበሉት ልጆች ሆዳቸውን እንዳያማቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ሊጥ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በንጹሕ አመድ እሹት። ከሰገራ መልስ፥ ሕፃን ካጸዳዳችሁም በኋላ እንዲሁ አድርጉ።

2ኛ/ የተነፋውን ዱቄት በእርሾ፥ በጨውና ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አቡኩ። በብርድ አገር ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም፤ ከድናችሁ እሳት ዳር አቆዩት።

3ኛ/ ኮባው አቧራና የዶሮ ኩስ አያጣውም። ሁለቱንም ወገን እጠቡት፤ ከዚያ እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት።

4ኛ/ ዳቦው መሀሉ ድረስ ይብሰል። በንጹሕ ስንደዶ ወግታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል።

«እሳት ነክቶታል፤ ከእንግዲህ ምን ይሆናል?» አትበሉ። እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ዳቦው ከምጣድ ከወጣ በኋላ ግን የቆሸሸ እጅ ከነካው ወይም ዝንብ ካረፈበት፥ ተቅማጥ የሚያመጣው ተሕዋስ እንደገና ይገባበታል። ስለዚህ አባ ወራውም ዳቦውን ከመቁረሱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ ቢላዋውም ይታጠብ። የተረፈው ከበረደ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በመሶብ ይከደን። የሻገተውን ፍቃችሁ ለልጅ አትስጡ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል።