ከሰቃ ተነስቶ የድንገተኛ ሕክምና ነርስ ለመሆን፦ ደረጃ በደረጃ

ሰቃ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለች ከተማ የሚሠራ ነርስ በአንድ አዳር ጨቅላም፣ ወላድም፣ አዛውንትም ይቀበላል። ልዩ ሙያ ለመማር ሲነሳ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ክፍል እንደሚሠራ ነው። መቅደም ያለበት ግን የየትኛውን ዕድሜ ሕመምተኛ እንደሚይዝ ነው። ክፍል በምደባ ይቀየራል፤ የሠለጠናችሁለት የሕመምተኛ ዕድሜ ግን የሙያችሁ ወሰን ሆኖ ይቀጥላል።

1. የዕድሜ ወሰኖቹን ለዩ።
ጨቅላ የሚባለው እስከ 28 ቀን ያለው ነው። በጤና ጣቢያ የምትሠሩበት የሕፃናት ሕመም መመሪያ ከልደት እስከ 2 ወር አንድ፣ ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ሌላ ሰንጠረዥ አለው። አተነፋፈስን እንደ ምሳሌ ውሰዱ፦ ከ2 ወር በታች በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። በደቂቃ 45 ጊዜ መተንፈስ ለአንድ ወር ሕፃን ደህና ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ፈጣን ነው። ስለዚህ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

2. ዘርፍ ምረጡ።
ለጨቅላ የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ፣ ለልጆች የሕፃናት ነርሲንግ፣ ሁሉንም ዕድሜ ለሚቀበል ክፍል ደግሞ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ይስማማል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በምትመዘገቡበት ዓመት ለየትኛው ዘርፍ ተማሪ እንደሚቀበል ከሬጅስትራር አጣሩ።

3. የሥራ ቦታውን እዩ።
ጤና ጣቢያ ሕመምተኛውን አረጋግቶ ሪፈር ይጽፋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሕመምተኛ ለመያዝ ካሰባችሁ ግን እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለ ትልቅ ሆስፒታል ያስፈልጋችኋል። የሕፃናት ክፍል እስከ ስንት ዓመት እንደሚቀበል ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ፣ ከምደባ በፊት የክፍሉን መመሪያ ጠይቃችሁ አንብቡ።

4. ከመመዝገባችሁ በፊት ሞክሩት።
ኃላፊያችሁን ጠይቃችሁ ድንገተኛ ክፍል ተዘዋወሩ፤ የሌሊት ተራም ውሰዱ። ትሪያጅ ላይ ቁሙ፤ ቀይ ካርድ የተሰጠው ሕመምተኛ ሲመጣ ማን ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

5. ሰነዳችሁን አሟሉ።
ዲግሪ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያዙ። ወረዳው የሚከፍልላችሁ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ስትመለሱ በተማራችሁበት ዘርፍ እንደምትመደቡ ይግለጽ።

6. ከወሰናችሁ ውጭ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ።
ዕድሜው አይመለከተኝም ብላችሁ አትቁሙ። የአየር መተላለፊያውን ክፈቱ፣ ኦክስጅን ስጡ፣ ስኳሩን ለኩ፣ ሲኒየር ጥሩ። የልጅ መድኃኒት መጠን በኪሎ ይሰላል እንጂ በግምት አይሰጥም። ያደረጋችሁትን ከነሰዓቱ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

7. አሜሪካ ለምታስቡ።
በዚያ የአጣዳፊ ሕክምና (acute care) ነርስ ፕራክቲሽነር የብቃት ማረጋገጫ በሕመምተኛው ዕድሜ ይከፈላል፤ አንዱ ለታዳጊዎች፣ ለአዋቂዎችና ለአረጋውያን፣ ሌላው ለልጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነሮችን ሥራ የሚመለከት የጋራ ስምምነት ሞዴልም (Consensus Model) የሙያውን ወሰን በሕንፃ ሳይሆን በሕመምተኛው ፍላጎት ይለካል። መጀመሪያ የተመዝጋቢ ነርስ ፈተና ማለፍ፣ ቀጥሎ እዚያው ማስተርስ ወይም ዶክትሬት መማር ግድ ነው፤ የኢትዮጵያው ልዩ ሙያ ብቻውን አያስገባም።