የውሃ መሳቢያ ሞተር ናፍጣ ሲያጥረው

ገበሬዎች ሆይ! የመስኖ ሽንኩርታችሁ ውሃ በጠማው ሰዓት የናፍጣ ሞተራችሁ ጉልበት አንሶት ቢጠፋ፣ ፖምፓውን ለመፍታት አትቸኩሉ። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ናፍጣው ወደ ፖምፓው በሚወርድበት መንገድ ላይ ነው። ማጠራቀሚያው ከላይ በሆነ ሞተር ላይ ምርመራው በተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የማጠራቀሚያውን ክዳን አላልታችሁ ሞተሩን አስነሡ። ደኅና ከሠራ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗልና አጽዱት።

2ኛ/ ሞተሩን አቁማችሁ ከማጣሪያው የሚወጣውን ቱቦ ፍቱና ናፍጣውን በንጹሕ ጣሳ ተቀበሉ። ወደ ማጣሪያው ደኅና ገብቶ ሲወጣ ከደከመ፣ ማጣሪያው ቆሽሿልና ለውጡት።

3ኛ/ ናፍጣ አልቆ ከነበረ ወይም ቱቦ ከተፈታ አየር ይገባል። አየር ሲጫኑት ስለሚታመቅ ናፍጣው ግፊት ያጣል። የአየር ማስወጫውን ብሎን አላሉ፤ አረፋው አልቆ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ አጥብቁት።

ይህም ካልረዳ መካኒክ ጥሩ። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ ራስ የሚሄደውን ቀጭን የብረት ቱቦ ግን አትፍቱ፤ የሚያፈስ መሆኑንም በእጅ አትፈትኑ። ከዚያ የሚፈናጠቅ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

የልማት ሠራተኞችም ይህን ተራ ሞተሩ አጠገብ ቆማችሁ አሳዩ።