ለወረራ ምክንያት የሚያበጅ አፍ

ለእኅቴ ልጅ፣ ከሸሕዲ

ልጄ፣ ሬዲዮ ላይ መናገር እንደጀመርህ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። እኛ የጠረፍ ሰዎች ነን፤ አፄ ዮሐንስ የወደቁባት መተማ ደጃችን ናት። እዚህ ወሬው ከጦሩ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ስማኝ።

1. መጀመሪያ የጣሊያንን ነገር እወቅ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ሊሻገር አንድ ወር ሳይቀረው፣ ለመንግሥታት ማኅበር ፎቶግራፍ የታከለበት ትልቅ መዝገብ አቀረበ። ኢትዮጵያ ሰው የሚሸጥባት፣ ሥርዓት የሌላት፣ ከማኅበሩ ልትቀመጥ የማይገባት አገር ናት የሚል ነበር። ልብ በል፤ ባርነቱ ውሸት አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩ ስንገባ ልናስቀረው ቃል ገብተን ገና አልጨረስንም ነበር። ጣሊያን ይህን እውነት ይዞ «ነጻ ላወጣችሁ» እያለ መጣና በሰውና በከብት ላይ የይፕሪት መርዝ አዘነበ። እንግዲህ «የተናገርሁት እውነት ነው» ማለት ብቻውን ንጹሕ አያደርግህም። እውነቱን ለምን ሥራ እንደጠራኸው ትጠየቃለህ። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አጥብቀህ ያዝ።

2. ያን ጊዜ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን 10 ጣሊያናውያንን ከሰሰች፤ የጦር አዛዦቹ ባዶሊዮና ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና፣ የአማራ ገዥ የነበረው ፒርሲዮ ቢሮሊ ከነዚህ ነበሩ። በእኛ ላይ ለሠሩት አንዱም ፍርድ ቤት ሳይቆም ቀረ። መርዝ ያዘነበው ካልተጠየቀ፣ መርዙን በቃል ያስዋበውን ማን ይጠይቀዋል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ችሎት ደግሞ አጥና። ጋዜጠኛው ሽትራይኸር በ1939 ዓ.ም. ተሰቅሏል፤ ግን ለወረራ በማሴር ከተከሰሰበት ነጻ ወጥቶ፣ ያስያዘው አይሁድ እንዲጠፉ መቀስቀሱ ነው። የሬዲዮ ሰው የነበረው ፍሪቸ ከሁሉም ክስ ነጻ ተባለ። በ1996 ዓ.ም. አሩሻ ላይ የተፈረደባቸው የሩዋንዳ ጋዜጠኞችም በዘር ማጥፋት ቅስቀሳ ነው የተያዙት። አየህ፣ በእነዚህ ችሎቶች ወረራን ትክክል ነው ብሎ በማስተማሩ ብቻ የተፈረደበት ሰው የለም። የ1959ኙ ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 የጦርነት ፕሮፓጋንዳ በሕግ ይከልከል ይላል፤ ቅጣቱን ግን አይናገርም።

4. የኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 የጦርነት ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ ነው። ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ያስራል፤ በንግግሩ ምክንያት ሰው ወይም ቡድን ከተጠቃ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የበተነ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህን ብዬ ግን ሌላውን አልደብቅህም፦ «ቅስቀሳ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው የተበደለን ጩኸት አፍኖ ለማስቀረት ሊጠቀምበት ይችላል። ጎረቤቴ ሞተ ብሎ የሚያለቅስን ሰው ቀስቃሽ ሲሉት ከሰማህ፣ ከአልቃሹ ጎን ቁም።

5. ልዩነቱን በራሳችን ነገር ላሳይህ። በኅዳር 2013 የሱዳን ጦር ከሱዳን ጋር ወደሚያከራክረን የአልፋሽቃ መሬት ሲገባ ብዙ የኛ ገበሬ ማሳውን ጥሎ ወጣ። ገበሬው «ሰሊጤን ሳላጭድ ተባረርሁ» ቢል፣ ይህን ማይክ ላይ አውጣለት፤ መብቱ ነው። «ስለዚህ ማዶ ያለው መንደር ይቃጠል» ሲል ግን ማይኩን ዝጋ። ማዶ ያለው ሰው እኮ ሰሊጥ አጫጅ ነው፤ በ2015 አገሩ ሲታመስ ልጆቹን ይዞ በዚሁ በመተማ በኩል ወደኛ የሸሸውም እሱ ነው። በ2011 በአማራና በቅማንት መካከል ደም ሲፈስም ይኸው «ስለዚህ» የምትባል ቃል ነበረች። አንድ ቀን በሽምግልና ስቀመጥ፣ ከሁለቱም ወገን የገደለ ሰው ሁሉ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ያቀበለው ግን እዚያ አልነበረም።

6. ስለ አልፋሽቃ የጀመርኸውን ጽሑፍ ሳታስተላልፈው በስልክ አንብብልኝ። «ስለዚህ» ባልህበት ሁሉ ቆም በል። ጠዋት ወደ ማሳ ከመውጣቴ በፊት እቤት አለሁ።