የእርግብ ሥጋ በዝርያ ሲመዘን

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በግብፅ አገር፣ በተለይም ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት ለም መሬትና በፋዩም፣ ከጭቃ የተሠሩ ረጃጅም የእርግብ ማማዎች ይታያሉ። ገበሬው ኩሱን ለማዳበሪያ፣ ጫጩቱን ለምግብ ያውለዋል። ሆዱ ውስጥ ሩዝ ወይም የተጠበሰ የስንዴ እሸት ተሞልቶ የሚቀርበው እርግብ የአገሩ የታወቀ ምግብ ነው።

ጫጩቱ የሚታረደው መብረር ሳይጀምር፣ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። በዚህ አጭር ጊዜ የሚደርሰውም፣ እናትና አባቱ ሁለቱም በጉሮሮአቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት የሚያመነጩትን፣ ፕሮቲንና ስብ የበዛበትን ወተት መሰል ምግብ ስለሚያጐርሱት ነው። ከበረረ በኋላ ግን ሥጋው ይጠጥራል።

ዝርያዎች በክብደት እጅግ ይለያያሉ። በአሜሪካ ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለው ኪንግ የተባለው ዝርያ ደረተ ሰፊ ነው፤ ጫጩቱም በአራት ሳምንቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። መልእክት ለማድረስ የሚረባው እርግብ ግን ለፍጥነት የተመረጠ ስለሆነ ጫጩቱ አነስተኛ ነው።

ታዲያ ከባዱ ዝርያ የተሻለ ምግብ ነውን? ክብደት የሚያሳየው የሥጋውን ብዛት እንጂ በውስጡ ያለውን ንጥረ ምግብ አይደለም። ከየዝርያው መቶ መቶ ግራም ተወስዶ ቢነጻጸር፣ በፕሮቲን ረገድ የሚገኘው ልዩነት የክብደታቸውን ያህል ሰፊ አይሆንም። እጅግ የሚለዋወጠው ስቡ ነው። መቶ ግራም ጥሬ የእርግብ ሥጋ ከነቆዳው 24 ግራም ያህል ስብና 294 ካሎሪ አለው። ቆዳው ሲገፈፍ ስቡ ወደ 7.5 ግራም፣ ካሎሪውም ወደ 142 ይወርዳል፤ ፕሮቲኑ ግን በሁለቱም 18 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ አንዱን ዝርያ ከነቆዳው፣ ሌላውን ያለ ቆዳው የመዘነ ሰው ያወዳደረው ቆዳን እንጂ ዝርያን አይደለም። ዕድሜና ቀለብም እንዲሁ እኩል መሆን አለባቸው።

የእርግብ የደረት ሥጋ የጠቆረ ቀይ ነው። ለበረራ የሚሠራው ጡንቻ ኦክስጅን የሚይዝ፣ ብረት ያለበት ቀለም ስለሚያከማች ነው። ቆዳው በተገፈፈ መቶ ግራም የእርግብ ሥጋ ውስጥ 4.5 ሚሊግራም ያህል ብረት ስለሚገኝ፣ ከዶሮ የደረት ሥጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ይህም በብረት እጥረት ደም ላነሰው ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የዋጋው ነገር ሌላ ነው። በማማ የሚያድረው እርግብ ሜዳ ወጥቶ እህሉን ይለቅማል፤ ኪንግ ግን ብዙውን ጊዜ በቤት ተዘግቶ ስለሚረባ ቀለቡ ሁሉ ከባለቤቱ ጐተራ ይወጣል። እህል ለሚያጥረው ገበሬ ትንሹ እርግብ ሊሻለው ይችላል።

ጥያቄዎች፦
፩. ጫጩቱ ከመብረሩ በፊት የሚታረደው ለምንድን ነው?
፪. የቆዳው መገፈፍ የትኛውን ንጥረ ምግብ ለወጠ? የትኛውን አልለወጠም?
፫. «ጠጠረ»፣ «ቀለብ»፣ «ለቀመ» በሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።