ስለ ሸንገን ቪዛ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ 9 ቀን በኢጣልያ፣ 4 ቀን በፈረንሳይ ለመጎብኘት አስቤአለሁ። ማመልከቻዬን ለየትኛው ኤምባሲ ላቅርብ? ምን ምንስ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ሁለቱ አገሮች በሸንገን ውል የተሳሰሩ ስለ ሆኑና የአንዱ ቪዛ በሌላውም ዘንድ ጽኑዕ ስለ ሆነ፣ ሁለት ቪዛ መሻት አያስፈልግዎትም፤ ማመልከቻው የሚገባውም ብዙውን ቀን ለሚቆዩበት ለኢጣልያ ነው፤ ቀኑ እኩል ቢሆን ኖሮ ግን ሥልጣኑ አስቀድመው የሚገቡበት አገር በሆነ ነበር።

ፓስፖርትዎ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከሸንገን ግዛት ከወጡም በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚጸና፣ 2 ባዶ ገጽም ያለው ይሁን። ከ30,000 ዩሮ የማያንስ ወጪ የሚሸፍን የሕክምና መድን፣ ለስንቅና ለማደሪያ የሚበቃ ገንዘብ መኖሩን የሚመሰክር የባንክ ሰነድ፣ እንዲሁም ወደ አገርዎ የሚመልስዎን ሥራ ወይም ቤተ ሰብ የሚያስረዳ ማስረጃ ያያይዙ፤ የመመለሱ ነገር አጠራጣሪ መስሎ መታየቱ ማመልከቻን የሚያስጥል ዐቢይ ምክንያት ነውና።

ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከመንፈቅ ዓመት ቀድሞ አይቀርብም፤ ከ15 ቀን ወዲህም ሊዘገይ አይገባም። ቪዛውን ከተቀበሉም በኋላ፣ የድንበር ሹም ማስረጃዎቹን ዳግመኛ ለመጠየቅ ሥልጣን ስላለው፣ ግልባጫቸውን በሻንጣ ሳይሆን በእጅዎ ይያዙ።