በመጸዳጃ ጕድጓድ ዙሪያ ስለሚተከል ተክል

በቆቦና በራያ ቆላ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራል፤ የሚጠጣውንም ውሃ ብዙ ጊዜ ከጕድጓድ ይቀዳል። ስለዚህ የመጸዳጃ ስፍራ በጥንቃቄ ይመረጥ።

አንደኛ፤ መጸዳጃው ከውሃው ጕድጓድ ቍልቍል፥ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቈፈር። ከጎርፍ መንገድም ይራቅ፤ ጎርፍ የገባበት እንደ ሆነ እድፉ ወደ መጠጥ ውሃ ደርሶ ሕፃናትን በተቅማጥ ይፈጃልና።

ሁለተኛ፤ ባሕር ዛፍና ዋርካ በአጠገቡ አይተከሉ፤ ሥራቸው እርጥበት ሲፈልግ ግንቡን ይሰነጥቃል። በዙሪያው ሥሩ አጭር የሆነ ሣር ይብቀል።

ሦስተኛ፤ ጥሬውን የሚበላ አትክልት በዚያ አይዘራ፤ የወስፋት ዕንቍላል በአፈር ውስጥ ብዙ ወራት ይቈያልና።

ጕድጓዱ ሲሞላ ግን አፈር በወፍራሙ አልብሶ ፓፓያ ወይም ሙዝ ቢተክሉበት፥ እድፉ ለፍሬ ይሆናል። መምህራንም ይህን አስቀድመው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊያሳዩ ይገባል።