ከቤቱ ሽቶ፦ ለጁሙዓ የሚሆን ቤት

 

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ደረሳዬ ታሪክ ልጀምር። እዚሁ አዳማ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ማታ፣ ለጁሙዓ ብሎ ክፍሉን ጠራረገ፣ ልብሱን አዘጋጀ፣ ከሰል አያይዞ እጣን ጣለበት። ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋ። ፍሙን ሳያወጣ እንቅልፍ ወሰደው። ለፈጅር የሚቀሰቅሰው ጎረቤቱ በሩን ቢያንኳኳ መልስ አጣ፤ ገፍቶ ሲገባ ልጁ መናገር ተስኖት አገኘው። ጎትቶ ወደ ውጭ አወጣው፤ ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ አልሐምዱሊላህ ተረፈ። ልጠይቀው ስሄድ "ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ሱና ልሠራ ነበር" አለኝ።

ይህ ቃሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። ምክንያቱም ልጁ እውነቱን ነው፤ የፈለገው ሱና ነው። የጎደለው አሠራሩ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም አብረን እንይ።

1. መልካም ሽታ በዲናችን

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪ የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በጁሙዓ ቀን የታጠበ፣ የቻለውን ያህል የጸዳ፣ ቅባቱን የተቀባ ወይም ከቤቱ ሽቶ የተቀባ፣ ከዚያም መስጂድ ሄዶ ሁለት ሰዎችን ሳይለያይ የተቀመጠ፣ የተጻፈለትን የሰገደና ኢማሙ ሲናገር ያዳመጠ ሰው፣ እስከ ሌላኛው ጁሙዓ ያለው ወንጀሉ ይማርለታል። "ከቤቱ" የምትለዋን ቃል አስተውሉ። ሽቶው የመጣው ከቤት ነው። ቤቱ ያልጸዳ ሰው መስጂድ ይዞት የሚሄደው የቤቱን ሽታ ነው።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ሰዎች ከመዲና ዙሪያ ከሥራቸው በቀጥታ ለጁሙዓ ይመጡ ነበር፤ አቧራና ላብ ይዟቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላዋረዷቸውም፤ ለዚህ ቀን ብትታጠቡ መልካም ነበር ብለው በለሆሳስ መከሩ። የአዳማን ንፋስና አቧራ፣ የወንጂንና የመተሃራን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ሐዲስ ስለ እሱ የተነገረ ይመስለዋል።

2. መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ማሽተት

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሲሸት ሰንደል እንለኩሳለን። ሽታው ግን አልሄደም፤ ተሸፈነ እንጂ። ወንጀልን ሳይተዉ በምላስ ብቻ ኢስቲግፋር እንደማለት ነው። ዑለማዎች ለተውባ የመጀመሪያው መስፈርት ወንጀሉን መተው ነው ይላሉ። የቤትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ምንጩ ይወገድ።

ምንጩ ብዙ ጊዜ ከአራት ነገሮች አያልፍም፦ ያደረ ቆሻሻ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ጫማና ካልሲ፣ የውሃ መውረጃ። የሽንኩርትና የምግብ ትርፍራፊ ቤት ውስጥ አይደር። ፎጣና ልብስ ሳይደርቅ አይታጠፍ። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱንና መስገጃውን በሳምንት አንዴ ፀሐይ ላይ አውጡት። ሻጋታ የሚወደው እርጥበትን ነው። አላህ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የሰጠውን ፀሐይ በነጻ እንጠቀምበት።

ስለ ካልሲ ደግሞ ወንድሞቼን በግልጽ ልንገራቸው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው እስኪለቀው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም የአደም ልጅ የሚታወክበት ነገር መላኢካንም ያውካቸዋል። ሱጁድ ስትወርድ ከኋላህ ያለው ሰው ግንባር ከእግርህ አጠገብ መሆኑን አትርሳ።

3. ከጓሮና ከወጥ ቤት የሚገኝ

ምንጩ ከጸዳ በኋላ ብዙ ወጪ አያስፈልግም።

• አየር፦ ጠዋት በርና መስኮት ፊት ለፊት ክፈቱ፤ ንፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ሊመሽ ሲል ዝጉ። ሲመሽ ቢስሚላህ ብሎ በር መዝጋት ሱና ነው፤ የወባ ትንኝም በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው።
• ኮምጣጤ፦ ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ወለልና መጸዳጃ ቤት እጠቡበት፤ የሽንት ሽታን ያጠፋል። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አትቀላቅሉት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።
• ቤኪንግ ሶዳ፦ ማታ ጫማ ውስጥ ጥቂት ነስንሱ፤ ጠዋት አራግፉት።
• የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፦ በትንሽ ድስት ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፍላ። ያለ ጭስ ቤቱን ያውደዋል።
• ጠጅ ሳር፣ አሪቲ፣ በሶብላ፣ ናና፦ ጓሮ የሌለው በቆርቆሮ ጣሳ ተክሎ ደጃፉ ላይ ማሳደግ ይችላል።

4. እጣንና ፍም

እጣን መልካም ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዑድ ያጨሱ ነበር፤ አንዳንዴም ካፉር ይጨምሩበት ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ተናግረዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። አገራችን ደግሞ በዓለም የታወቀ የእጣን ዛፍ ያላት አገር ናት።

አደጋው ከሰሉ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ኦክስጅንን በሚሸከመው የደማችን ክፍል ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙም አመድ ከለበሰ በኋላ እንኳ መውጣቱን አያቆምም። እጣኑ ሲሸተን "ቤቱ ጥሩ አየር አለው" እንላለን፤ የሚገድለው ግን የማይሸተው ነው።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጥሎ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ እጣን ማጨስ ሱና ከሆነ፣ ፍሙን ማጥፋትም ሱና ነው። አንዱን ይዘን ሌላውን አንጣል።

ስለዚህ፦ ከሰሉን ውጭ አያይዙ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጭሱ። ከዚያ ማጨሻውን ወደ ውጭ አውጡና ውሃ አፍስሱበት። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ጭሱን ተዉት፤ ድስቷ ትበቃለች። በከሰል ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ወዲያው ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

5. ሦስት አደራዎች

አንደኛ፣ ጎረቤት። በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት አባወራ በሚኖርበት ቦታ ጭሳችን የሰው ቤት ይገባል። ጎረቤትን ማስቸገር ሐራም ነው፤ መዓዛ ያለው ጭስ ቢሆንም።

ሁለተኛ፣ ዐቂዳ። ጭስ ጂን ያባርራል ወይም ያስታርቃል ብሎ ማጨስ ከሱናው አይደለም። ሸይጧን የሚሸሸው ሱረቱል በቀራ ከሚቀራበት ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ወንድሞቼ፣ ይህን ጽሑፍ ለእናትህ ወይም ለእህትህ ልከህ እንዳትቀመጥ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ተናግረዋል። መጥረጊያውን አንተ አንሳ።

ያ ደረሳዬ አሁንም ሐሙስ ማታ ክፍሉን ያጸዳል። እጣኑን ግን ከዐስር በኋላ በሩን ከፍቶ ያጨሳል፤ ፍሙን ራሱ ግቢው ውስጥ ውሃ ያፈስበታል። በሚቀጥለው ሐሙስ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ኒያችሁም ለአላህ ይሁን፤ መጥረግም ዒባዳ ይሆናል።

አላህ ቤቶቻችንን በቁርኣን፣ ልቦቻችንን በኢማን ያውድልን። ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን። በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ፤ ሱረቱል ከህፍንም አትርሱ። ከሰል አንድደው የሚተኙ ጓደኞች ካሏችሁ ዛሬውኑ አድርሱላቸው።